ኮምፒውተሩ አልጠፋ ሲል፦ ሰርቨር ላይ ያለ የተጠቃሚ ፎልደርን በወጉ የማላቀቅ መመሪያ

የተጠቃሚው ፎልደር በየኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ሳይሆን በአንድ ሰርቨር ላይ የሚቀመጥበት የኮምፒውተር ክፍል አንድ የታወቀ አመል አለው፤ ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል፣ ማታ ግን አልተኛም ይላል። ተጠቃሚው ማጥፊያውን ተጭኖ ይወጣል። ስክሪኑ ይጠቁርና «/ሆምን የማቆም ሥራ እየተካሄደ ነው» የሚል ትርጉም ያለው የእንግሊዝኛ መስመር ይመጣል፤ /ሆም የተጠቃሚዎቹ ፎልደር የሚያያዝበት ቦታ ነው። አጠገቡ ሰከንድ ይቆጠራል፤ 90 ይደርሳል፣ ያልፋል፣ አንዳንዴም ገደብ የለውም ብሎ ይቀጥላል። በመጨረሻ ጥበቃው ክፍሉን ሊቆልፍ ይመጣና የኃይል ቁልፉን ጫን ብሎ ይይዛል።

በዚህ ዓይነት በግድ የጠፋ ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ይነሣል፤ የራሱን ዲስክ የፋይል ሥርዓቱ ጆርናል ይጠግነዋል። የሚጎዳው ተጠቃሚው ነው። ኤንኤፍኤስ፣ ማለትም የሰርቨሩን ፎልደር በኔትወርክ የሚያያይዘው ሥርዓት፣ የተጻፈውን ወደ ሰርቨር ጨርሶ የሚልከው ፋይሉ ሲዘጋ ስለሆነ፣ ሳይዘጋ የቀረ ጽሑፍ ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ጋር አብሮ ይጠፋል። ጎንደር ውስጥ ደግሞ መብራት ሳይታሰብ ይሄዳል፣ ክረምት ሲገባ መብረቁ ይጨመርበታል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሮቹ ሲባሉ ወዲያው የሚጠፉ መሆናቸው ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚህ ያስፈልጋል። ፒያሳ ያለ ማሠልጠኛም ሆነ አዘዞ ያለ ቢሮ በዚህ አይለያይም።

መመሪያው ኡቡንቱን፣ ዴቢያንን ወይም ፌዶራን (የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) ከሲስተምዲ (አገልግሎቶችን ከሚያስነሣውና ከሚዘጋው ፕሮግራም) ጋር ለሚያስተዳድሩ፣ ፎልደሩንም በኤንኤፍኤስ ለሚያያይዙ ባለሙያዎች ነው። ትእዛዞቹን በድምፃቸው ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ይገባሉ።

ለምን አልጠፋ ይላል?

ኤንኤፍኤስን ሰን ማይክሮሲስተምስ በ1984 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው የተከተለው መርሕ ዛሬም አልተለወጠም። ፎልደሩ በተለምዶ የሚያያዘው «ሃርድ» በሚባለው አማራጭ ነው። ሰርቨሩ ዝም ካለ የተጠቃሚው ኮምፒውተር ተስፋ አይቆርጥም፤ ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጠይቃል። ፕሮግራሙም መልሱ እስኪመጣ ባለበት ተገትሮ ይቆያል። ይህ ጉድለት አይደለም። ሰርቨሩ ለአምስት ደቂቃ ጠፍቶ ቢመለስ ማንም ምንም ሳያጣ ሥራው ከቆመበት የሚቀጥለው በዚህ ግትርነት ምክንያት ነው።

ሲስተምዲ በበኩሉ ሲነሣ የሠራውን ሲዘጋ በተገላቢጦሽ ይፈታል። ኔትወርኩ ቀድሞ ተነሥቶ ፎልደሩ ቀጥሎ ከተያያዘ፣ ማታ ፎልደሩ ቀድሞ ይላቀቃል፣ ኔትወርኩ ከኋላ ይወርዳል። ችግሩ የሚመጣው ይህ ቅደም ተከተል ሲፋለስ ነው፤ እንግዳው ሳይሸኝ ድንኳኑ ይፈርሳል። ከዚያ በኋላ ግትሩ ኤንኤፍኤስ ለሌለ ሰርቨር ጥያቄ ሲልክ ያድራል።

የሚያፋልሱት አራት ናቸው፦ ከፎልደሩ ያልወጣ ፕሮግራም፣ ከፎልደሩ ቀድሞ የሚወርድ ኔትወርክ፣ ከተጠቃሚዎቹ ቀድሞ የሚጠፋ ሰርቨር፣ እና መብራት። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም። ስለዚህ ያገኙትን የማስተካከያ መስመር ሁሉ ኤፍኤስታብ (የሚያያዙ ፎልደሮች የሚዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ከመደርደር በፊት የትኛው እንደሆነ መለየት ይቀድማል፤ እኔ ያየኋቸው የተበላሹ ኤፍኤስታቦች አብዛኞቹ የተበላሹት በመድኃኒት ብዛት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

መጀመሪያ በእያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ፎልደሩ በራሱ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ የሆነ አንድ የአስተዳዳሪ መለያ ፍጠሩ። ቦታው ከ/ሆም ውጪ ይሁን፤ የኔትወርኩ ፎልደር /ሆም ላይ ሲያያዝ በሥሩ የነበረውን ሁሉ ስለሚሸፍነው እዚያ የፈጠራችሁት መለያ በችግሩ ጊዜ አይገኝም። የእናንተም ፎልደር ሰርቨሩ ላይ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ሲጠፋ ለመግባት ስትሞክሩ ሼሉ መነሻ ፋይሎቹን ፍለጋ ሄዶ አይመለስም። ሊያድን የመጣ ሰው አብሮ ይሰምጣል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሲስተም ጆርናሉ (የመልእክቶች መዝገቡ) ኮምፒውተሩ ከጠፋ በኋላም የሚቆይ መሆኑን አረጋግጡ። /ቫር/ሎግ/ጆርናል የሚባለው ዳይሬክተሪ ካለ ይቆያል፤ ከሌለ ፍጠሩትና የጆርናል አገልግሎቱን እንደገና አስነሡ። በማግስቱ «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1 -ኢ» ብትሉ ያለፈውን ቀን የመጨረሻ መስመሮች ታያላችሁ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ጆርናሉ ተራ መልእክቶችን ወደ ዲስክ የሚያጸናው በየ5 ደቂቃው ስለሆነ፣ የኃይል ቁልፉ ተይዞ የጠፋ ኮምፒውተር የምትፈልጓቸውን የመጨረሻ መስመሮች ላይጽፋቸው ይችላል። ጆርናሉ ባዶ ነው ማለት ችግር አልነበረም ማለት አይደለም።

ሦስተኛው ቀላል ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሚያሳየውን አርማ አንሡ። በግረብ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ሊኑክስን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ማስተካከያ ፋይል ውስጥ «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አጥፍታችሁ ግረብን አድሱ። አርማው ካልተነሣም ሲጠፋ «ኢስኬፕ» የሚለውን ቁልፍ መጫን ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ይገልጣል።

ጥፋተኛውን መለየት

ከሁሉ የሚጠቅመው መሣሪያ ሲስተምዲ ራሱ ያዘጋጀው «ድባግ ሼል» ነው። በአስተዳዳሪ ሥልጣን «ሲስተምሲቲኤል ስታርት ድባግ-ሼል» ብላችሁ አስነሡት፤ ከዚያ ኮምፒውተሩን እንዲጠፋ እዘዙ። ሲገተር ኮንትሮል፣ ኦልት እና ኤፍ9ን አንድ ላይ ተጫኑ። ሌላው ሁሉ በቆመበት ሰዓት የሚሠራ የሩት (የሙሉ ሥልጣን) ተርሚናል ይከፈትላችኋል። ይህ ተርሚናል የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ተማሪ በተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ ክፍት ትታችሁ አትሂዱ።

እዚያ ሆናችሁ ሦስት ነገር ተመልከቱ። «ሲስተምሲቲኤል ሊስት-ጆብስ» የትኛው ሥራ እየሄደ እንደሆነ፣ የትኛውም እሱን እየጠበቀ እንደሆነ ይነግራችኋል። ብዙ ጊዜ አሥርና ከዚያ በላይ ሥራ ተሰልፎ ታያላችሁ፤ አትደንግጡ፣ «እየሄደ ነው» የተባለው አንዱ ብቻ ነው የሚፈለገው። «አይፒ አድሬስ» የኔትወርክ ካርዱ አሁንም አድራሻ እንዳለው ያሳያል። «ኤንሲ -ዜድ -ቪ» ከሰርቨሩ አድራሻና ከ2049 ቁጥር ጋር ደግሞ ሰርቨሩ በኤንኤፍኤስ በር ላይ ይመልስ እንደሆነ ይፈትናል። በፒንግ ብቻ አትርኩ፤ የኤንኤፍኤስ አገልግሎቱ የሞተ ሰርቨርም ለፒንግ ይመልሳል።

ከእነዚህ ሦስት መልሶች ፍርዱ ይወጣል። የኔትወርክ ካርዱ አድራሻ ከሌለው ኔትወርኩ ቀድሞ ወርዷል። አድራሻ እያለው የ2049 በር ካልተከፈተ ሰርቨሩ ወይም በመካከል ያለው ስዊች (የኔትወርክ ኬብሎቹን የሚያገናኘው ሣጥን) ጠፍቷል። ሁለቱም ደህና ሆነው ፎልደሩ ካልተላቀቀ ውስጡ የተቀመጠ ፕሮግራም አለ።

ለመጨረሻው «ፊውዘር -ቪ -ኤም /ሆም» የሚለው ትእዛዝ ፎልደሩን የያዙትን ፕሮግራሞች ከነባለቤታቸው ይዘረዝራል። ይህን ትእዛዝ ሰርቨሩ በሕይወት ሲኖር ብቻ ተጠቀሙበት። ሰርቨሩ ከጠፋ ፊውዘርም፣ ኤልሶፍም፣ ዲኤፍም፣ ተራው ኤልኤስ እንኳ ፎልደሩን ሊነኩ ሄደው ከሌሎቹ ጋር ይገተራሉ። ያን ጊዜ የሚያዋጣው «/ፕሮክ/ማውንትስ» የሚባለውን ፋይል ማንበብ ነው፤ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ከራሱ ማስታወሻ ስለሚመልስ ሰርቨሩን አይጠይቅም። የተገተሩትን ፕሮግራሞች ለማየት «ፒኤስ -ኢኦ ፒአይዲ፣ስታት፣ደብሊውቻን፣ኮማንድ» በሉ፤ ሁኔታቸው «ዲ» ተብሎ የተጻፈው ሰርቨሩን የሚጠብቁት ናቸው።

ድባግ ሼል ሳያስፈልግ የሚሠራ ሙከራም አለ፤ እኔ ብዙውን ጊዜ በእሱ እጀምራለሁ። ተጠቃሚው ከመለያው ይውጣ፤ ኮምፒውተሩን ግን አያጥፋ። ቀደም ሲል በፈጠራችሁት የአስተዳዳሪ መለያ ግቡና «ዩማውንት /ሆም» በሉ። ያለ ቅሬታ ከተላቀቀ ፕሮግራም አልያዘውም፤ ወደ ኔትወርኩ ዙሩ። «ኢላማው ሥራ ላይ ነው» ካለ ወደሚቀጥለው ክፍል እለፉ።

ያልወጣ ፕሮግራም

ከተጠቃሚው ጋር አብረው የማይወጡት ሁልጊዜ ተመሳሳዮች ናቸው፦ የፋይል ፍለጋ ማውጫ የሚያዘጋጀው ትራከር፣ የድምፅ አገልግሎቱ፣ የቁልፍ ማኅደሩ፣ እና መስኮቱ ተዘግቶ ከጀርባ የቀረ ፋየርፎክስ ወይም ክሮም። ሎግኢንዲ የሚባለው የሲስተምዲ ክፍል ተጠቃሚው ሲወጣ ፕሮግራሞቹን ሁሉ እንዲዘጋ ማዘዝ ይቻላል። «/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ሎግኢንዲ.ኮንፍ» ውስጥ «ኪልዩዘርፕሮሰስስ» የሚለውን «የስ» አድርጉት። ሲስተምዲ ከ230ኛው ቅጂ ጀምሮ ይህን በራሱ አብርቶ ነው የሚመጣው፤ ዴቢያንና ኡቡንቱ ግን አጥፍተውት ያከፋፍላሉ። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያለ ባልደረባችሁ «እኔ ጋ እንዲህ አይሆንም» ቢላችሁ ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ለውጡ ዋጋ አለው። ስክሪን ወይም ቲመክስ በሚባሉ ፕሮግራሞች ሌሊቱን የሚሠራ ስሌት ትቶ የሚሄድ ተመራማሪ ካለ ሥራው ይቋረጥበታል። እንዲህ ያለውን ሰው ስሙን «ኪልኤክስክሉድዩዘርስ» በሚለው መስመር ላይ ጨምሩ፤ ከተቻለም ስሌቱን በተማሪ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን ለዚሁ በተመደበ ማሽን ላይ እንዲያካሂድ አድርጉት። እዚያው እያላችሁ «/ቫር/ሊብ/ሲስተምዲ/ሊንገር» ውስጥ ስም ተቀምጦ እንደሆነ ተመልከቱ፤ እዚያ የተመዘገበ ተጠቃሚ ከወጣም በኋላ አገልግሎቶቹ አይዘጉም። አንዳንድ ፕሮግራሞች በምክራቸው ይህን እንድታበሩ ያዟችሁና ከዚያ ይረሳል።

ትራከርን በኔትወርክ ፎልደር ላይ ማስኬድ ጥቅሙ አይታየኝም፤ አጥፉት። የብራውዘር ማቆያ ፋይሎችን ደግሞ «ኤክስዲጂ_ካሽ_ሆም» በሚባለው ተለዋዋጭ አማካይነት ወደ ኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክ አዛውሩ፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ ብቻ የሆነ፣ ሌላው የማያነበው ዳይሬክተሪ ይሁን። ይህን ስታደርጉ ማጥፋቱ ብቻ ሳይሆን መግባቱም ይፈጥናል፤ ሰርቨሩም ከማይረባ ጭነት ይገላገላል።

በፎልደሮቹ ውስጥ «.ኤንኤፍኤስ» ብለው የሚጀምሩ፣ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለባቸው ስውር ፋይሎች ካያችሁ አትሰርዟቸው። አንድ ፕሮግራም የከፈተው ፋይል ሲሰረዝ ኤንኤፍኤስ ፋይሉን በዚህ ስም ቀይሮ ያቆየዋል፤ ፕሮግራሙ ሲዘጋ ራሱ ያጠፋዋል። ስለዚህ ቆሻሻ ሳይሆኑ ምልክት ናቸው፦ ባለቤቱ ገና አልወጣም ማለት ነው። የተከፈቱ ፋይሎችን የሚዘረዝረው ኤልሶፍ ማን እንደሆነ ይነግራችኋል።

የመጠበቂያ ጊዜውን ማሳጠርን ብዙ ሰው እንደ መፍትሔ ይወስደዋል። «ሲስተም.ኮንፍ» ውስጥ «ዲፎልትታይምአውትስቶፕሴክ» የሚባለው በሲስተምዲ የተለመደ መጠኑ 90 ሰከንድ ነው፤ ፌዶራ ከዚህ አሳጥሮታል። ወደ 30 ማውረዱ አይከፋም፤ ግን መንስኤውን ካገኛችሁ በኋላ ይሁን። ቀድማችሁ ካሳጠራችሁት ምልክቱን ደብቃችሁ ተጠቃሚው ጽሑፉን ከማስቀመጡ በፊት ፕሮግራሙን ትገድሉበታላችሁ።

ቀድሞ የሚወርድ ኔትወርክ

ፎልደሩ በኤፍኤስታብ ሳይሆን በእጅ በተጻፈ ስክሪፕት የሚያያዝ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ኤፍኤስታብ አምጡት። ሲስተምዲ ዓይነቱ ኤንኤፍኤስ መሆኑን ሲያይ ከኔትወርኩ በኋላ እንዲነሣ፣ ከእሱም በፊት እንዲላቀቅ ራሱ ያዘጋጃል፤ «_ኔትዴቭ» የሚለውን አማራጭ መጨመርም አይጎዳም። ከዚያ «ሲስተምሲቲኤል ሾው ሆም.ማውንት -ፒ አፍተር» ብላችሁ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የኔትወርክ ታርጌት መኖሩን ተመልከቱ። ከሌለ ቅደም ተከተሉ በዕድል ላይ ነው ያለው።

ዋይፋይ ሌላ ጣጣ አለው። ተጠቃሚው ራሱ ከዴስክቶፑ ላይ የከፈተው የዋይፋይ ግንኙነት የእሱ ብቻ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል፤ ሲወጣ ግንኙነቱ አብሮት ይወጣል፣ ፎልደሩ ግን ገና አልተላቀቀም። በ«ኤንኤምሲኤልአይ» የግንኙነቱን «ኮኔክሽን.ፐርሚሽንስ» ባዶ አድርጉት፤ የይለፍ ቃሉም በተጠቃሚው የቁልፍ ማኅደር ሳይሆን በሲስተሙ እንዲቀመጥ «ፒኤስኬ-ፍላግስ» የሚለውን 0 አድርጉት። እንዲህ ሲሆን ግንኙነቱ የኮምፒውተሩ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሆኖ የእኔ ምክር ኬብል ዘርጉ ነው። ፒያሳ ባሉት የጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ወፍራም ግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ ሲግናል ኢሜይል ለማየት ይበቃ ይሆናል፤ የሰውን የሥራ ፎልደር በእሱ ላይ ማንጠልጠል ግን ድፍረት ነው።

ቀድሞ የሚጠፋ ሰርቨር

ይህ የሰው ጉዳይ ነው። ከጥምቀት በፊት ባለው የሥራ ቀን ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ሰዉ ታቦት ሊያጅብ፣ እንግዳ ሊቀበል ይቸኩላል፤ የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ደግሞ ቀድሞ መውጣት የሚፈልገው ነው። ሰርቨሩ ሲጠፋ በየክፍሉ የቀሩት ኮምፒውተሮች አጥፉኝ ሲባሉ ይገተራሉ። በዓሉ ካለፈ በኋላ ስትመለሱ ስክሪናቸው እንደበራ ታገኟቸዋላችሁ፤ ወይም በመካከል መብራት ሄዶ በግድ ጠፍተዋል።

ሰርቨሩን ከማጥፋታችሁ በፊት በሰርቨሩ ላይ «ኤስኤስ -ቲኤን» ብላችሁ በ2049 በር ላይ የቀሩ ግንኙነቶችን ተመልከቱ። አድራሻቸው ተዘርዝሮ ይመጣል፤ የቀረ ካለ ሄዳችሁ አጥፉት፣ ወይም ከርቀት በኤስኤስኤች ገብታችሁ አጥፉት። የሰርቨሩ ማጥፊያ ስክሪፕት ይህን ራሱ እንዲያይና የቀረ ካለ እንዲያስጠነቅቅ ማድረግ የአሥር መስመር ሥራ ነው።

ሰርቨሩ አስቀድሞ ከጠፋና ኮምፒውተሮቹ ከተገተሩ ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ሰርቨሩን መልሶ ማስነሣት ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያስበው መጨረሻ ላይ ነው። ሰርቨሩ ሲመለስ የተገተሩት ኮምፒውተሮች የያዙትን ጽፈው፣ ፎልደሩን አላቅቀው፣ ማንም ሳይነካቸው አንድ በአንድ ይጠፋሉ።

መመለስ ካልተቻለ በድባግ ሼሉ ላይ «ዩማውንት -ኤፍ /ሆም» ሞክሩ፤ ካልሠራ «ዩማውንት -ኤል /ሆም»። ሁለተኛው ፎልደሩን ከዳይሬክተሪው ዛፍ ላይ ወዲያው ይሰውረዋል እንጂ በውስጡ የተገተረውን ፕሮግራም አይፈታም፤ የማጥፋቱ ሥራ እንዲቀጥል መንገድ መክፈት ብቻ ነው። ያልተጻፈ ነገር ካለ ይጠፋል፤ ተጠቃሚውን አስቀድማችሁ ንገሩት።

ይህም እምቢ ካለ የኃይል ቁልፉን ከመያዝ የሚሻል መንገድ አለ። ኦልትንና ፕሪንት ስክሪንን ይዛችሁ «ኤስ»ን ተጫኑ፤ ጥቂት ሰከንድ ጠብቁ፤ ቀጥሎ «ዩ»፤ በመጨረሻ ለማጥፋት «ኦ»፣ እንደገና ለማስነሣት «ቢ»። የመጀመሪያው በሜሞሪ ያለውን ወደ ዲስክ ያወርዳል፣ ሁለተኛው ዲስኮቹን ለማንበብ ብቻ ክፍት ያደርጋል። የኮምፒውተሩ የራሱ ዲስክና ያ የሚፈለገው ጆርናል በዚህ ይተርፋሉ። ኡቡንቱ እነዚህን ቁልፎች ሳይከለክል ነው የሚመጣው። ለጥበቃውም አሳዩት፤ ከማንም በላይ የሚጠቀምበት እሱ ነው።

መብራት

ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) አለው፤ ኮምፒውተሮቹም አላቸው ወይም ላፕቶፕ ስለሆኑ ባትሪ አላቸው። መብራት ሲሄድ ሁሉም እንደበራ ይቆያል። ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይገተራል። በየክፍሉ ጥግ ካለው መደርደሪያ ላይ ቀና ብላችሁ ስዊቹን ተመልከቱ፤ ገመዱ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ወይም ከሻይ ማፍያው ጋር አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክቷል። ስዊቹ ጠፍቷል፤ ሰርቨሩና ኮምፒውተሩ በሕይወት እያሉ አይተያዩም። አንድ ስዊች የሚወስደው ኃይል ትንሽ ነው፤ ከሰርቨሩ እስከ መጨረሻው ኮምፒውተር ባለው መንገድ ላይ ያለ ስዊች ሁሉ ዩፒኤስ ላይ ይሰካ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ከሆነ ይህን አድርጉ።

ቀጥሎ ማን ቀድሞ ይጥፋ የሚለውን ለሰው ፍጥነት አትተዉት። «ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለዚሁ የተሠራ ነው። ዩፒኤሱ በዩኤስቢ የተያያዘበት ሰርቨር ዋና ይሆናል፤ ኮምፒውተሮቹ በኔትወርክ የሚሰሙት ተከታዮች ይሆናሉ። ባትሪው ሊያልቅ ሲል ዋናው ጥፉ ብሎ ያዛል፣ ተከታዮቹ እስኪሰናበቱት ይጠብቃል፣ ከዚያ ራሱ ይጠፋል።

የሚጠብቅበት ጊዜ ግን ለእኛ ጉዳይ አይበቃም። «ሆስትሲንክ» የሚባለው 15 ሰከንድ፣ ከዚያ በኋላ የሚታከለው «ፋይናልዲሌይ» 5 ሰከንድ ነው፤ ተከታዩ ደግሞ የሚሰናበተው ማጥፋቱን ሲጨርስ ሳይሆን ሲጀምር ነው። የኔትወርክ ፎልደር ያለው ኮምፒውተር በዚህ ጊዜ ውስጥ ገና ፕሮግራም እየዘጋ ይሆናል። በሰርቨሩ ላይ ፋይናልዲሌይን ኮምፒውተሮቻችሁ በትክክል ለመጥፋት ከሚወስዱት ጊዜ አስበልጡ፤ ጊዜውን በግምት ሳይሆን በሰዓት ለኩት። ባትሪው ለዚያ የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ባትሪው እስኪዳከም አትጠብቁ፤ መብራት ከሄደ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በኋላ ካልተመለሰ ኮምፒውተሮቹ መጥፋት እንዲጀምሩ «ዩፒኤስስኬድ»ን አዘጋጁት። ጄነሬተር ያላችሁ፣ ጄነሬተሩ ለመነሣት የሚወስደውን ጊዜ በዚህ ውስጥ አስሉት፤ አለዚያ ኮምፒውተሮቹ መጥፋት ከጀመሩ በኋላ መብራቱ ይመጣል።

ስለ «ሶፍት» እና ስለ ኦቶኤፍኤስ

ብዙ የቆዩ መመሪያዎች ሃርድን ወደ «ሶፍት» ቀይሩ ይላሉ። እንዲህ ሲደረግ ሰርቨሩ ከተወሰነ ሙከራ በኋላ ካልመለሰ ኤንኤፍኤስ ለፕሮግራሙ ስሕተት ይመልስለታል፤ መገተሩ ይቀራል። ነገር ግን ግማሽ የተጻፈ ፋይል ላይ ስሕተት የደረሰው ፕሮግራም ሁሉ በወጉ አያስተናግደውም፤ ፋይሉ ተበላሽቶ ሊቀር ይችላል፣ ለዚያውም በዝምታ። ሶፍት ለማንበብ ብቻ ለሚያያዝ የትምህርት ማቴሪያል ይሆናል፤ ለተጠቃሚ ፎልደር አይሆንም። «ኢንትር» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ የሚልም ካጋጠማችሁ እለፉት፤ ከርነሉ ከ2.6.25ኛው ቅጂ ማለትም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይሰማውም።

የሚሻለው ፎልደሩ የሚያያዝበትን ጊዜ ማሳጠር ነው። ኦቶኤፍኤስ መላውን /ሆም ሳይሆን የገባውን ተጠቃሚ ፎልደር ብቻ፣ ሲፈለግ ያያይዛል፤ ሲተው ያላቅቃል። በማስተር ፋይሉ ላይ /ሆምን ከአንድ የካርታ ፋይል ጋር አገናኙና የመተው ጊዜውን 60 ሰከንድ አድርጉ። በካርታው ውስጥ አንድ መስመር ይበቃል፦ ኮከብ ምልክት፣ አማራጮቹ፣ ከዚያም የሰርቨሩ አድራሻ ከ/ሆም/& ጋር። ተጠቃሚው ወጥቶ ከደቂቃ በላይ የቆየ ኮምፒውተር ሲጠፋ የሚያላቅቀው ነገር አይኖረውም፤ ሰርቨሩ ኖረ አልኖረ ግድ አይሰጠውም። ኦቶኤፍኤስን ለመጫን የማይፈልግ ሰው በኤፍኤስታብ ላይ «ኖኦቶ»፣ «ኤክስ-ሲስተምዲ.ኦቶማውንት» እና «ኤክስ-ሲስተምዲ.አይድል-ታይምአውት=60» የሚሉትን ጨምሮ «ሲስተምሲቲኤል ዴመን-ሪሎድ» ማለት ይችላል፤ ይህኛው ግን የሚያያይዘው መላውን /ሆም ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ያልወጡት ፕሮግራሞች ከተስተካከሉ በኋላ ነው፤ ትራከር ፎልደሩን እየነካካ ከሆነ ተተወ የሚባልበት ደቂቃ አይመጣም።

ማረጋገጥ

ለውጡን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ አድርጉና በሦስት ሁኔታ አጥፉት፦ ብራውዘርና ጽሑፍ ተከፍቶ እያለ፣ ተጠቃሚው ወጥቶ ጥቂት ከቆየ በኋላ፣ እና የኔትወርክ ኬብሉን ነቅላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሰከንዶች ውስጥ ማለቅ አለባቸው። ሦስተኛው ተጠቃሚው ውስጥ እያለ ከሆነ መቆየቱ አይቀርም፤ እዚያ የምትፈልጉት ምን ያህል እንደሚቆይ ማወቅ ነው፣ በፋይናልዲሌይ ስሌት ውስጥ ይገባል። ሙከራውን ሥራ በሌለበት ቅዳሜ ከሰዓት አድርጉት፤ ጽሑፉ የሙከራ ጽሑፍ ይሁን።

ሲያልቅ «ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ድባግ-ሼል» በሉ፤ በቋሚነት አብርታችሁት ከነበረም «ዲስኤብል» አድርጉት። ከዚያ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ9ን ተጭናችሁ ምንም ተርሚናል አለመምጣቱን በዓይናችሁ እዩ።